ኮሸሽላ ነዳጅ ይሆናልን?

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ከባድ መኪናዎች ናፍጣ እያነደዱ ያዘግማሉ። በመንገዱ ዳርቻ ባሉት ጎጆዎች ግን ምድጃው የሚነደው በኩበትና በእንጨት ነው። ከዕፅዋት ስለሚገኝ ነዳጅ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበን መኪናው ነው። እሾሃማ ተክሎች ግን ይበልጥ የሚጠቅሙት ምድጃውን ነው።

ለዚህ አገልግሎት በሰፊው የተጠናው ካርዱን የተባለው የሜዲትራኒያን ተክል ሲሆን፣ የእኛው ኮሸሽላና ሱፍ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። (ሱፍ ስንል በጾም የምንጠጣውን ማለታችን ነው እንጂ ፀሐይን የሚከተለውን ትልቅ አበባ አይደለም።) ካርዱን ሥሩን ወደ ጥልቅ አፈር ይሰዳል፤ በበጋ ከላይ ይደርቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ከዚያው ሥር እንደገና ያቆጠቁጣል። በማሳው ላይ እንዳለ ስለሚደርቅ ለማድረቂያ ሌላ ኃይል አይጠይቅም። በእ.ኤ.አ. 2010ዎቹም በጣሊያን ሳርዲኒያ ደሴት ለኢንዱስትሪ ዘይት ተዘርቶ ተሞክሯል።

ከተክሉ ሁለት ዓይነት ነዳጅ ይገኛል። የመጀመሪያው የዘሩ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ከሜታኖልና ከጥቂት አልካሊ ጋር ሲዋሐድ ባዮዲዝልና ግሊሰሪን ይሰጣል። ሁለተኛው ደረቁ አገዳ ነው። እስቲ እናስላው። ከአንድ ሄክታር 1 ቶን ዘርና 10 ቶን ደረቅ አገዳ ተገኘ እንበል። ከዘሩ 25 በመቶው ዘይት ቢሆን 250 ኪሎግራም ይወጣል፤ በኪሎግራም 37 ሜጋጁል ቢታሰብ ወደ 9,250 ሜጋጁል ይሆናል። አገዳው በኪሎግራም 16 ሜጋጁል ቢሰጥ እንኳ 160,000 ሜጋጁል ይደርሳል፤ ይህም የዘይቱን 17 እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ ዘይቱን ብቻ መዝኖ ተክሉን ማወደስም ሆነ መናቅ የተሳሳተ ሚዛን ነው።

ይሁንና የሜዲትራኒያኑ ምርት በይፋት ቆላ ይደገማል ብሎ መገመት አይቻልም። እዚያ ዝናቡ የሚጥለው በቅዝቃዜው ወቅት ሲሆን፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ዋናው ዝናብ የሚመጣው በሙቀቱ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በአንጻሩ ሱፍ ከጥንት ጀምሮ የአገራችን ተክል ነው፤ ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ኢትዮጵያን ከሱፍ መገኛ አካባቢዎች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። ዘይቱ ለገበታ ይቅር፤ ከውቂያ በኋላ የሚተርፈው እሾሃማ አገዳና ከዘሩ ክብደት ቢያንስ ሲሶ የሚሆነው ቅርፊት ግን አየር በሚያንስበት ምድጃ ከስሎ፣ በማጣበቂያ ተቦክቶ ሊታመቅ ይችላል። በዚህ መንገድ ከመቃጠል የሚድነው ኩበት ወደ ማሳው ይመለሳል። አመዱም ፖታሲየም ስላለው አይጣልም።

ካርዱኑን ራሱን አምጥቶ መትከል ሌላ ጉዳይ ነው። ዳርዊን በእ.ኤ.አ. 1833 በደቡብ አሜሪካ ሲጓዝ፣ ከአውሮፓ የገባው ይህ ተክል ሰውም ከብትም የማያልፍበት ሰፊ እሾሃማ ዱር ሆኖ አግኝቶታል። የይፋት አርሶ አደር የዚህን ምሳሌ ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹና 1980ዎቹ ለመልካም ተብሎ በአፋር የተተከለው ፕሮሶፒስ የግጦሽ መሬቱን ወርሶ በጎረቤት ይታያል።