እንሰት ድርቅን የሚቋቋመው በምን ኃይሉ ነው?

በሐዋሳ መሃል ከተማ ዘንድሮ በጾም ማዕድ ላይ የቀረበው ቆጮ የዘንድሮ ተክል አይደለም። ያ እንሰት ከመሬት የገባው ከዓመታት በፊት ነው፤ የዘነበውንም ያልዘነበውንም ወቅት አሳልፎ ለምግብ በቅቷል። የዝናቡ መግቢያና መውጫ በተዛባበት በዚህ ዘመን ስለ ድርቅ ስናጠና ከዚህ ተክል መነሣታችን ስለዚህ ነው።

በቆሎ አበባ አውጥቶ ፀጉር በሚጥልበት አጭር ጊዜ ዝናብ ከተቋረጠበት ፍሬ አይቋጥርም። ኋላ የመጣው ዝናብ አገዳውን ቢያለመልመውም የጠፋውን ምርት አይመልሰውም። ከእንሰት ግን የምንመገበው ፍሬውን ሳይሆን አካሉን ነው። ግንድ የሚመስለው ክፍል የቅጠሎቹ እግሮች ተደራርበው የሠሩት ሲሆን ከሥሩ ካለው አምቾ ጋር ብዙ ውኃና ስታርች ያከማቻል። ዝናብ ሲጠፋ እድገቱ ይዘገያል፤ ዝናብ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት እንሰት አብቃይ አካባቢዎች በእህል ብቻ ከሚተዳደሩት ያነሰ ጉዳት እንደደረሰባቸው የሚነገረውም በዚህ ጠባዩ ነው።

ሆኖም ይህ ኃይል የጎለመሰው ተክል ነው። ችግኙ ያከማቸው ውኃ ስለሌለ ፀሐይ በቶሎ ይጎዳዋል። እንሰት ለምግብ የሚደርሰው እንደ ቦታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ በአንድ ክፉ ዓመት ጓሮውን ሁሉ ቆርጦ የበላ ቤተሰብ በቀጣዮቹ ዓመታት የሚቆርጠው አይኖረውም። የሲዳማ እናቶች በአንድ ጓሮ ችግኙንም፣ ታዳጊውንም፣ የደረሰውንም ይዘው የሚቆዩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። በእኛ አመለካከት ድርቅን የሚቋቋመው አንዱ ተክል ሳይሆን ዕድሜው የተሰባጠረ ጓሮ ነው። ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ዘመን ጎተራ እንደሞላ ይህም ጓሮ የሚሞላው ዝናብ ባለበት ዓመት ነው።

ስለዚህ ቦታ ያላቸው ሰበካ ጉባኤያት አንድ ሺህ ችግኝ በአንድ ቀን ተክለው ከመርሳት በየዓመቱ ጥቂት መደብ ቢጨምሩ ይሻላል እንላለን። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ እንሰት ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ምድር ይበልጥ ስለሚስማማው፣ በከተማዋ አጥቢያዎች ለችግኙ ጥላ፣ ፍግና ሥሩን የሚሸፍን ደረቅ ሣር ያስፈልገዋል። ግቢያቸው በድንጋይ የተነጠፈ አጥቢያዎች ደግሞ በገጠር ያሉ አጥቢያዎችን በችግኝ መግዣ ሊያግዙ ይችላሉ።

ከድርቅ ይልቅ የሚያሳስበን የአጠውልግ በሽታ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣው ይህ በሽታ በአገራችን እንሰት ላይ መኖሩ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን ውኃ የሞላበትን ጎልማሳ ተክል ሳይቀር ይገድላል። ዋነኛ መተላለፊያው የታመመውን ቆርጦ ጤነኛውን የሚነካ ቢላዋ ነው። ቢላዋውን ከተክል ወደ ተክል ሲሻገሩ በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ መቅበር፣ ከብት እንዳይበላውም መከልከል ያስፈልጋል። ማዚያ የተባለው ዝርያ በምርምር የተሻለ የመቋቋም ዐቅም ታይቶበታል። ግን ጓሮን በአንድ ዝርያ ብቻ መሙላት አይመከርም። ጋንቲቻን ከአዶ፣ አዶን ከሚዳሾ ለይተው የሚያውቁት በየአጥቢያችሁ ያሉ እናቶች ናቸው፤ ችግኝ የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥም ሊገቡ ይገባል።