ማብሰልሰል ሲጀምርዎ፦ የሦስት ደቂቃ የትንፋሽ ልምምድ

ድባቴ ደጋግሞ የጎበኘው ሰው ካገገመ በኋላም ሥጋት አይለቀውም። አንድ ቀን ከፍቶት ሲነሣ «ያ ነገር ተመልሶ መጣብኝ» ይልና ማብሰልሰል ይጀምራል፤ ማብሰልሰሉ ደግሞ ሕመሙን መልሶ ይጠራዋል። ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊልያምስና ጆን ቲስዴል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ማይንድፉልነስ የሚባለውን የማስተዋል ልምምድ ከንግግር ሕክምና ጋር ያጣመሩት ይህን አዙሪት ለመስበር ነው። ሦስቱ ተመራማሪዎች ልምምዱን የወሰዱት ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ከጀመሩት የውጥረት መቀነሻ ሥልጠና ነው። ሙሉው ሕክምና በሠለጠነ ባለሙያ መሪነት፣ በቡድን፣ ለ8 ሳምንት ይሰጣል። ከውስጡ ግን የሦስት ደቂቃዋን ልምምድ ማንም ሰው ለብቻው ሊለማመዳት ይችላል።

ከሦስቱ ደቂቃዎች በፊት ግን ማስተዋልን በአንድ ፍሬ ቆሎ ይለማመዱ። ሥልጠናው ላይ የሚሰጠው አንድ ፍሬ ዘቢብ ነው፤ የእኛ ቆሎም በደንብ ይሠራል። ከጭብጥዎ አንዲት የሽምብራ ፍሬ ይምረጡ። ሹል አፏን፣ ምጣድ ላይ የጠቆረውን ጎኗን፣ የተሰነጠቀውን ቆዳዋን ይዩ። ያሽትቷት። ሳይነክሱ ምላስዎ ላይ ያቆዩአትና ምራቅዎ ሲሞላ ያስተውሉ፤ ከዚያ ይንከሷትና ድምፁን ይስሙ። በመሀል ሐሳብዎ ወደ ቤት ኪራይ ወይም ወደ ትናንቱ ጭቅጭቅ ይሄዳል። መሄዱን ባወቁበት ቅጽበት ልምምዱን ሠርተውታል።

አሁን ወደ ሦስቱ ደቂቃዎች።

የመጀመሪያው ደቂቃ፦ ጀርባዎን ቀና አድርገው ይቀመጡ፤ እግርዎ መሬት ይንካ። «አሁን ውስጤ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ ምን ሐሳብ፣ ምን ስሜት፣ ሰውነቴ ላይስ ምን አለ? ያገኙትን ሳያባርሩ በስሙ ይጥሩት። ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ እንዲሰጡ የምመክረው እዚህ ላይ ነው። «እኔ ለምንም አልረባም» ማለትና «‹ለምንም አልረባም› የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል» ማለት በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው መጥቶ የሚሄድ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ትክክል ይሁን አይሁን አይከራከሩት፤ መምጣቱን ብቻ ይመዝግቡ።

ሁለተኛው፦ ትኩረትዎን ወደ ትንፋሽዎ ያምጡ። ሆድዎ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል ይከታተሉ። በጥልቀት ልተንፍስ ብለው አይታገሉ፤ እንደመጣ ይተዉት። ሐሳብዎ መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ ይመልሱት፣ ራስዎን ሳይወቅሱ።

ሦስተኛው፦ ትኩረትዎን ወደ መላ ሰውነትዎ ያስፉ። ግንባር፣ መንጋጋ፣ ትከሻ። የተወጠረ ቦታ ካለ ትንሽ አብረውት ይቆዩ።

ሲጨርሱ ቀጥሎ የሚያደርጉትን አንድ ነገር ይምረጡ፤ ደስ የሚል ወይም ሲያልቅ «ሠራሁት» የሚያሰኝ፣ ለምሳሌ ለወዳጅ መደወል ወይም ዕቃ ማጠብ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ሦስት ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት ይለማመዱ፦ ጠዋት ስልክ ከመንካትዎ በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመውም ቢሆን። በደኅናው ቀን ያልተለማመዱት በክፉው ቀን ትዝ አይልም። ከእምነቴ ጋር ይጋጭብኛል ብለው የሚያመነቱ አሉ፤ ልምምዱ የማንንም እምነት እንዲቀበሉ አይጠይቅም፣ ከጸሎትዎ ጎን ሊሠሩት ይችላሉ።

ከባድ ነገር ያሳለፈ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ሲከታተል ፍርሃቱ ሊቀሰቀስበት ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዓይንዎን ከፍተው እግርዎ መሬት ሲረግጥ የሚሰማዎትን ብቻ ያስተውሉ፤ ከባሰብዎ ያቁሙ። የታዘዘልዎትን መድኃኒት ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎ ወይም ሌሎች የማይሰሙት ድምፅ ከሰሙ ይህን ልምምድ ትተው ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፤ በዚያው ቀን፣ ከሰው ጋር ሆነው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።