ፍቅሩ ከክኒኑ ነው ወይስ ከጭፈራው? ሬቭ፣ ኤክስታሲና የአንድነት ሕልም

በዚህ ጽሑፍ ኬሚስትሪን፣ የነርቭ ሳይንስንና የኅብረተሰብ ጥናትን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ጥያቄ እናነሣለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በ1912 እርስ በርሳቸው ምንም ግንኙነት ያልነበራቸው ሁለት ነገሮች ወደዚህ ዓለም መጡ። አንደኛው የተገኘው በጀርመን አገር ነው። በዳርምሽታት ከተማ የሚገኘው የመርክ ኩባንያ ኬሚስቶች የደም መፍሰስን የሚያቆም መድኃኒት ለመሥራት ሲጥሩ፣ በመንገዳቸው ላይ እንደ መሸጋገሪያ የሚያገለግል አንድ ውህድ አዘጋጁ። የዛሬ ስሙ ኤም.ዲ.ኤም.ኤ. ነው። ሁለተኛው የፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት የኤሚል ዱርክሄም መጽሐፍ ነው። ዱርክሄም ሰዎች ተሰብስበው በአንድ ምት ሲዘምሩና ሲጨፍሩ ከእያንዳንዳቸው በላይ የሆነ ኃይል እንደሚሰማቸው አስተዋለ፤ ይህንንም የጋራ ግለት ሲል ገለጸው። ውህዱና ሐሳቡ ከ75 ዓመታት በኋላ በእንግሊዝ አገር የጭፈራ መድረክ ላይ ተገናኙ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ በዚያ መድረክ ላይ የታየው ፍቅር ከክኒኑ የመጣ ነው ወይስ ከሰዎቹ?

ሬቭ ከየት መጣ?

የሬቭ ሙዚቃ ሥሩ አሜሪካ ነው። በቺካጎ ከተማ ከ1977 ጀምሮ «ዌርሃውስ» በተባለ ክለብ ፍራንኪ ናክልስ የተባለው ዲጄ ያጫውተው የነበረው ሙዚቃ «ሃውስ» የሚለውን ስም አገኘ። በዲትሮይት ደግሞ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳውንደርሰን የተባሉ ወጣት ጥቁር አሜሪካውያን «ቴክኖ»ን ፈጠሩ። በ1987 ክረምት ኢቢዛ ወደተባለችው የስፔን ደሴት ለዕረፍት የሄዱ ጥቂት የለንደን ዲጄዎች ይህን ሙዚቃና ኤክስታሲ የተባለውን ክኒን በአንድ ላይ አዩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ልምዱን ይዘውት መጡ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ዳኒ ራምፕሊንግ በዚያው ዓመት መጨረሻ በለንደን በአንድ የስፖርት ማዘውተሪያ ውስጥ «ሹም» የተባለውን ክለብ ከፈተ። በማንቸስተር ከተማ በ1982 የተከፈተው «ሃሲየንዳ»ም የዚሁ እንቅስቃሴ ማዕከል ሆነ።

የተሳታፊዎቹ እምነት ግልጽ ነበር። በዘር፣ በመደብና በቡድን ደጋፊነት የሚለያዩ ወጣቶች በአንድ ወለል ላይ እኩል ናቸው የሚል ነው። በአሜሪካም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይኸው እምነት ሰላም፣ ፍቅር፣ አንድነትና መከባበር በሚሉ አራት ቃላት ተጠቃለለ። እነዚህ ቃላት ውብ ናቸው። ነገር ግን የአንድ እሴት ጥንካሬ የሚለካው በመዝሙሩ ሳይሆን ሰው በወደቀ ጊዜ በሚሆነው ነገር ነው። ወደዚህ ከመድረሳችን በፊት ክኒኑ በአንጎል ውስጥ የሚሠራውን እንመልከት።

በአንጎል ውስጥ ምን ይከናወናል?

የነርቭ ሴሎች እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡት በኬሚካሎች አማካይነት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሴሮቶኒን ሲሆን፣ ከስሜት፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎትና ከሰውነት ሙቀት ቁጥጥር ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሴል ሴሮቶኒንን ከረጨ በኋላ፣ በሴሉ ሽፋን ላይ ያለ አጓጓዥ ፕሮቲን የተረፈውን ጠራርጎ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ኤም.ዲ.ኤም.ኤ. በዚሁ በር ይገባና የበሩን አቅጣጫ ይገለብጠዋል። መላሹ ፕሮቲን አፍሳሽ ይሆናል፤ ለብዙ ሰዓታት በቁጠባ ሊወጣ የሚገባው ክምችት በአጭር ጊዜ ውስጥ ይፈስሳል። ኖርአድሬናሊንና በመጠኑም ዶፓሚን አብረው ይጨምራሉ። ኦክሲቶሲን የተባለው፣ በእናትና በሕፃን መካከል ባለው ትስስር የሚታወቀው ሆርሞንም በደም ውስጥ ከፍ ይላል።

ተጠቃሚው በዚህ ጊዜ ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ለማያውቀው ሰው እንኳ ቅርበት ይሰማዋል። ይሁን እንጂ ክምችቱ የተሟጠጠበት አንጎል ወዲያው አይሞላም። በ1997 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቅዳሜ ኤክስታሲ የወሰዱ ሰዎች በሳምንቱ አጋማሽ የስሜት መውረድ ታይቶባቸዋል። ክኒኑን ደጋግመው በሚወስዱ ሰዎች ላይ በተደረጉ የአንጎል ምስል ጥናቶችም የሴሮቶኒን አጓጓዥ ፕሮቲን ቁጥር ቀንሶ ተገኝቷል፤ የማስታወስ ችሎታ መዳከምም ተስተውሏል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሌሎች ዕፆችንም ስለሚወስዱ፣ ጉዳቱ ከየትኛው እንደመጣ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

ተማሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ሌላም ነጥብ አለ። ኤም.ዲ.ኤም.ኤ.ን ከሚሰባብሩት የጉበት ኤንዛይሞች ዋነኛውን ውህዱ ራሱ ያስረዋል። ስለዚህ መጠኑ በእጥፍ ሲጨምር በደም ውስጥ የሚገኘው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። «አንዱ ካልሠራ ሁለተኛውን ልጨምር» የሚለው የተለመደ ስሌት በሒሳብም በሕይወትም ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ክኒን የሌለበት ጭፈራ

ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። በ2018 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ኤም.ዲ.ኤም.ኤ.ን ለኦክቶፐስ ሰጠ። ኦክቶፐስ በተፈጥሮው ብቸኛ እንስሳ ነው፤ ከእኛ የዘር ሐረግ ከተለየም ከ500 ሚሊዮን ዓመታት በላይ አልፎታል። የተሞከሩት እንስሳት ጥቂት ቢሆኑም፣ ውህዱን ካገኙ በኋላ ከሌላ ኦክቶፐስ አጠገብ የሚያሳልፉት ጊዜ ጨመረ፤ መነካካታቸውም በዛ። ይህ ውጤት የመቀራረብ ስሜት ጥንታዊ የኬሚስትሪ መሠረት እንዳለው ይጠቁማል። ክኒኑ አለው ለሚሉት ወገኖችም ማስረጃ ይመስላል።

በሌላ በኩል የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ያሳተሙትን ሙከራ እንመልከት። ተሳታፊዎቹ በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ እየሰሙ ጨፈሩ። አንዳንዶቹ እንቅስቃሴያቸው ከሌሎቹ ጋር የተጣጣመ፣ ሌሎቹ ደግሞ ያልተጣጣመ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያም የደም ግፊት መለኪያ መጠቅለያ በክንዳቸው ላይ እየተጠበቀ የሕመም መቻል አቅማቸው ተለካ። በአንድ ምት የጨፈሩት ሕመምን ይበልጥ ቻሉ፤ ለጓደኞቻቸውም የበለጠ ቅርበት ተሰማቸው። አንድም ክኒን አልተወሰደም። ተመራማሪዎቹ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ኢንዶርፊን ሚና እንዳለው ይገምታሉ። ዱርክሄም በሐሳብ የደረሰበትን ሙከራው በመለኪያ ደገፈው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ሁለቱም እውነት ናቸው። ክኒኑ በሩን ይከፍታል፤ ጭፈራውም ያለ ክኒን በሩን መክፈት ይችላል። ልዩነቱ ከወጪው ላይ ነው።

ሙቀትና ውኃ

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የብሪታንያ ሐኪሞች ወደ ሆስፒታል የሚመጡ ወጣቶችን ሁኔታ ሲመረምሩ አንድ ንድፍ አዩ። የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል፤ ጡንቻ ይፈርሳል፤ ኩላሊት ሥራ ያቆማል። ኤም.ዲ.ኤም.ኤ. የሰውነትን ሙቀት መቆጣጠሪያ ያዛባል፤ በዚያ ላይ የተጨናነቀ አዳራሽና ለሰዓታት ያለማቋረጥ መጨፈር ይታከሉበታል። ስለዚህ «ውኃ ጠጡ» የሚል ምክር ተሰራጨ።

ነገር ግን በ1995 በእንግሊዝ ኤሴክስ አንዲት የ18 ዓመት ወጣት በቤቷ በተዘጋጀ የልደት ድግስ ላይ ክኒን ወሰደች፤ በ90 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥም ወደ 7 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ጠጣች። ለሞት ያበቃት የአንጎል እብጠት ነበር። ምክንያቱን የፊዚዮሎጂ ትምህርት ያስረዳናል። ኤም.ዲ.ኤም.ኤ. ሽንትን የሚያግድ ሆርሞን እንዲመነጭ ያደርጋል። ውኃው ይገባል እንጂ አይወጣም፤ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፤ ውኃም በኦስሞሲስ ወደ አንጎል ሴሎች ይገባል። የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም። ያው ውኃ አንዱን ከሙቀት ሲያድን ሌላውን ሊገድል ይችላል። በኋላ የተሻሻለው ምክር ለሚጨፍር ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር ያልበለጠ ውኃ ቀስ እያሉ መጠጣትንና እያረፉ መቀዝቀዝን የሚያስተምር ሆነ።

በዚህ ቦታ የአንድነቱ ሕልም ተፈተነ። ኤክስታሲ የወሰዱ ሰዎች አልኮል ብዙ ስለማይጠጡ የክለቦች ገቢ ቀነሰ። በአንዳንድ ክለቦች የታሸገ ውኃ እንዲሸጥ ሲባል የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ይዘጋ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። በሃሲየንዳም የዕፁ ንግድ የወንበዴ ቡድኖችን ስቦ፣ ክለቡ በ1997 ተዘጋ። «ሁላችንም አንድ ነን» በሚባልበት ወለል ሥር ትርፍ የሚቆጥር ሌላ ዓለም ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ የመጠጥ ፈቃድ ያላቸው ቤቶች የቧንቧ ውኃ በነጻ እንዲሰጡ በሕግ የተገደዱት በ2010 ነው።

የተሳሳተው ጠርሙስ

ስለ አደጋው የሚነገረው ነገር እውነት ሊሆን ይገባል። በመስከረም 2002 «ሳይንስ» በተባለው ታዋቂ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ በአንድ ሌሊት የሚወሰድ ኤክስታሲ በዝንጀሮዎችና በጦጣዎች አንጎል ውስጥ የዶፓሚን ነርቮችን ክፉኛ እንደሚጎዳ ገለጸ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ተመራማሪዎቹ ውጤቱን መድገም ሲያቅታቸው ግን ምርመራ አደረጉ። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ስም ስሕተት ነበር፤ ለእንስሳቱ የተሰጠው ኤም.ዲ.ኤም.ኤ. ሳይሆን ሜታምፌታሚን ነበር። በ2003 ጽሑፉን ራሳቸው ከኅትመት አነሱት።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ሳይንስ ስሕተቱን የሚያርመው ሙከራን በመድገም መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የተጋነነ ማስፈራሪያ ሲከሽፍ እውነተኛውንም ማስጠንቀቂያ ይዞት እንደሚወድቅ ነው። አንድ ጊዜ የተታለለ ወጣት ስለ ሙቀቱና ስለ ሶዲየሙም አይሰማም።

ሕግና መተሳሰብ

በግንቦት 1992 በእንግሊዝ ካስልሞርተን በተባለ ሜዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ፈቃድ ለአንድ ሳምንት ያህል ተሰበሰቡ። ይህ ካስከተለው ቁጣ በኋላ በ1994 የወጣው ሕግ ፖሊስ ሬቮችን እንዲበትን ሥልጣን ሰጠ፤ ሙዚቃውንም በተደጋጋሚ ምቱ ለይቶ ተረጎመው። በአሜሪካ በ2003 የጸደቀው ሕግ የድግስ አዘጋጆችን በዕፅ አጠቃቀም ተጠያቂ ሊያደርግ ቻለ። ተቺዎች እንዳሉት፣ አዘጋጆች ውኃና የማረፊያ ክፍል ማዘጋጀት እንኳ «ዕፅ እንዳለ ያውቁ ነበር» ተብሎ ማስረጃ እንዳይሆንባቸው ፈሩ።

ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። ኔዘርላንድስ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ክኒኖችን በላቦራቶሪ የሚመረምር ሥርዓት ዘረጋች። በአሜሪካ በ1998 የተመሠረተው «ዳንስሴፍ» ከጨፋሪዎቹ መካከል በመጡ በጎ ፈቃደኞች ተመሳሳይ ሥራ ጀመረ። ምርመራው ለምን አስፈለገ? ኤክስታሲ ተብሎ የሚሸጠው ክኒን ሁልጊዜ ኤም.ዲ.ኤም.ኤ. አይደለም። ፒ.ኤም.ኤ. የተባለው ውህድ ለምሳሌ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ተጠቃሚው «ደካማ ነው» ብሎ ይደግማል፤ ሙቀቱም ይገድለዋል። ምርመራ ክኒኑን ደኅና አያደርገውም፤ ንጹሕ ኤም.ዲ.ኤም.ኤ.ም ገድሏል። ነገር ግን ለወገን መጨነቅን ከቃል ወደ ተግባር ያወርደዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ ታሪክ ሩቅ ቢመስልም የኬሚስትሪ ዝምድና አለን። በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከጫት ቅጠል ተለይቶ የወጣው ካቲኖን፣ ከአምፌታሚን የሚለየው ሁለት ሃይድሮጅን በሚገኙበት ቦታ አንድ ኦክስጅን በመያዙ ብቻ ነው። በ2009 ገደማ በብሪታንያ ክለቦች የተስፋፋውና በ2010 የታገደው ሜፌድሮን የዚሁ የካቲኖን ቤተሰብ አባል ነው። ጫት በሚቃምበት ስብስብ የሚሰማው ሞቅ ያለ ወዳጅነት ምን ያህሉ ከቅጠሉ፣ ምን ያህሉ አብሮ ከመቀመጥና ከመጫወት እንደሚመጣ ሊጠና የሚገባው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ለእናንተ ለነገዎቹ ተመራማሪዎች እንተወዋለን።

ማጠቃለያ

ኤም.ዲ.ኤም.ኤ. ዛሬ ከጭፈራ አዳራሽ ውጪም እየተጠና ነው። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ ለሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት እንዲያዙት ፈቅዳለች። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ግን በነሐሴ 2024 ማመልከቻውን ሳይቀበል ቀርቶ ተጨማሪ ሙከራ ጠይቋል። ከተነሡት ችግሮች አንዱ ታካሚዎቹ የተሰጣቸው መድኃኒቱ ይሁን አስመሳዩ በቀላሉ መለየታቸው ነው።

ክኒኑ ለማያውቁት ሰው ፍቅር እንዲሰማን ሊያደርግ ይችላል። ያ ሰው ሲወድቅ ማን እንደሚያነሣው ግን ክኒኑ አይወስንም። በሬቭ ታሪክ ውስጥ ሰላም፣ ፍቅር፣ አንድነትና መከባበር የሚሉት ቃላት እውነት ሆነው የተገኙት ጓደኛው ሲግል ጭፈራውን ትቶ ወደ ነፋሻ ቦታ ባወጣው፣ ከቅጣት ፍርሃት ይልቅ የሰውን ሕይወት መርጦ አምቡላንስ በጠራውና ያወቀውን እውነት ሳያጋንን ለሌላው በነገረው ሰው ላይ ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ምንም ክኒን አያስፈልግም።