ባቡር የሚያመጣውን እንግዳ ማሳደር
ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ባለው መሥመር ለሚገኙ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ሀገር ጎብኚ ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም በመጣው ሰው ቍጥር ብቻ አይለካም፤ ዋናው መለኪያ እንግዳው በከተማው ውስጥ የቆየበት ጊዜ ነው። በባቡር መስኮት አይቶ ያለፈ መንገደኛ ለከተማው የሚተወው ገንዘብ የለም። ወርዶ ምሳ የበላ ጥቂት ይተዋል። ያደረ ግን ለባለሆቴሉ፣ ለባለሱቁ፣ ለባለመኪናው፣ ለአትክልት ነጋዴውና ለልብስ አጣቢዋ ሁሉ የየድርሻቸውን ያካፍላል። ስለዚህ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማና በመተሐራ አልፎ ወደ አዋሽ በሚወርደው የባቡር መሥመር አካባቢ ያሉ ከተሞች፣ ከሐዲዱ ርቃ የምትገኘው አቦምሳም ጭምር፣ አስቀድመው ሊያጠኑት የሚገባቸው ጉዳይ እንግዳው የሚያድርበትን ምክንያት ማዘጋጀት ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1. የቀድሞው ባቡር ያስተማረው

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛውም አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ የተሠራው የባቡር ሆቴል ስሙ በውጭ አገር መንገደኞች ዘንድ ሊታወቅ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። አልጋውን የሞላው የከተማው ማስታወቂያ ሳይሆን የባቡሩ የሰዓት ሠሌዳ ነበር።

ከጊዜ በኋላ በናፍጣ የሚሠሩ ፈጣን ባቡሮች ገብተው ጉዞው ሲያጥር በአዋሽ ማደር ግዴታ መሆኑ ቀረ። ፍጥነቱ ለመንገደኛው ትልቅ ጥቅም ሲሆን ለባለማደሪያው ግን የሌላ ዘዴ መፈለጊያ ጊዜ መድረሱን የሚያስታውቅ ነበር። በመጨረሻም አሮጌው መሥመር እየደከመ ሄዶ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው የሕዝብ ማመላለሻ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሲቆም፣ በየጣቢያው በመስኮት ፍራፍሬና ምግብ እየሸጡ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ገበያቸውን አጡ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በባቡሩ ማዝገም ላይ ብቻ የቆመ ንግድ ባቡሩ የፈጠነ ዕለት ይወድቃል።

2. የሐኮኔ ምሳሌ

ፈጣን ባቡር እያለው እንግዳውን ማሳደር የቻለ አገር ለማየት የጃፓንን የሐኮኔ አውራጃ መመልከት ይጠቅማል። ሐኮኔ እንደ ስምጥ ሸለቆአችን እሳተ ገሞራ የሠራው ምድር ነው፤ ፍል ውኃ፣ ተራራና ሐይቅ አለው። ከቶኪዮው የሺንጁኩ ጣቢያ እስከ ሐኮኔ መግቢያ ያለው የሐዲድ ርቀት 90 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከአዲስ አበባ አዳማ ካለው መንገድ ብዙ አይለይም። አንድ መንገደኛ ጠዋት ሄዶ ማታ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ሆኖም አድሮ የሚመለሰው ጎብኚ ጥቂት አይደለም።

ምክንያቱ የጉዞው አሰናዳድ ነው። እንግዳው ከባቡር ሲወርድ ወደ ጎራ የምትወጣው የተራራ ባቡር ትጠብቀዋለች፤ ይህች መሥመር የተከፈተችው በ1911 ዓ.ም. ነው። ከጎራ በገመድ የሚሳብ ባቡር፣ ቀጥሎም በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሠረገላ፣ ከዚያም የአሺን ሐይቅ የሚያሻግር መርከብ፣ በመጨረሻም አውቶቡስ ይቀበሉታል። ይህን ሁሉ የሚሳፈረው በአንድ ቲኬት ነው። ቲኬቱ የሚሸጠው ለ2 ወይም ለ3 ቀን ሆኖ ነው። ለሁለት ቀን የከፈለ ሰው በአንድ ቀን መመለሱን እንደ ኪሳራ ስለሚቆጥረው በዚያው ያድራል። የቲኬቱ ዘመን ራሱ ለሆቴሉ ደንበኛ ያመጣለታል።

ሁለተኛው ነገር ዕቃው ነው። በሐኮኔ ተራራ ላይ ኦዋኩዳኒ በተባለው ድኝ በሚያጤስ ሥፍራ ተራ የዶሮ ዕንቁላል በፍል ውኃ እየተቀቀለ ይሸጣል። ቅርፊቱ በማዕድኑ ምክንያት ይጠቁራል፤ የበላውም ሰው ዕድሜው በ7 ዓመት ይረዝማል የሚል የቆየ አባባል አለ። ዕንቁላሉ በየትም የሚገኝ ዕንቁላል ነው፤ ዋጋ የጨመረለት ከቦታው ጋር መያያዙ ነው። እንደዚሁም የየቀለሙን እንጨት እየገጣጠሙ የሚሠሩት ሣጥኖች የአካባቢው ባለእጆች መታወቂያ ሆነዋል። በጃፓን ጣቢያዎች ከ1870ዎቹ ጀምሮ የሚሸጠው በሣጥን የተዘጋጀ ምግብም በየአውራጃው የሚለየው በዚያ አገር በሚበቅለውና በሚጠመደው ነገር ነው።

3. የእኛ መሥመር ያለው ሀብት

አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ሥራውን ይዟል። በመሥመሩ ላይ ለጎብኚ የሚታየው ነገር ጥቂት አይደለም። በቢሾፍቱ እሳተ ገሞራ የቈፈራቸው ሐይቆች አሉ፤ በሆራ ሐይቅ ዳር የሚከበረው የኢሬቻ በዓል በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሰበስባል። ከሞጆ በስተ ደቡብ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ይገኛል። በአዳማ አጠገብ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ያመረተችው ወንጂ፣ ከአዳማም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሶደሬ ፍል ውኃ አለ። ወደ ታች ሲወረድ በመተሐራ የበሰቃ ሐይቅና የፈንታሌ ተራራ ይታያሉ፤ ቀጥሎ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከነሳላው፣ ከነከርከሮውና ከነፏፏቴው ይጠብቃል።

የጎደለው መያያዣው ነው። የአሮጌው ባቡር ጣቢያ በከተማው መካከል ስለነበር እንግዳው ከፉርጎው ሲወርድ ገበያ ውስጥ ይገባ ነበር። የአዲሱ መሥመር ጣቢያዎች ግን ከከተሞቹ መሐል ራቅ ብለው የተሠሩ ናቸው። ባቡሩም እንደ አውቶቡስ በየሰዓቱ የሚመላለስ አይደለም። በዚያ ላይ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን የክፍያ መንገድ መኪና ያለውን ሰው ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ ሻንጣውን ይዞ የወረደ እንግዳ የሚቀበለው መኪና፣ የሚመራው ሰውና የታወቀ ዋጋ ካላገኘ ሁለተኛ ጊዜ በባቡር አይመጣም።

4. የሦስት ቀን ጉዞ አሰናዳድ

መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ የባቡሩን ቀንና ሰዓት ከጣቢያው በጽሑፍ ያገኛል፤ የቀረውን ሁሉ በዚያ ላይ ይገነባል። ለምሳሌ ያህል ጉዞው እንዲህ ሊሰናዳ ይችላል።

አንደኛ ቀን፤ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነሥቶ አዳማ መውረድ፣ ከጣቢያው በተዘጋጀ መኪና ወደ ወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ሄዶ መመልከት፣ ማታ በሶደሬ ታጥቦ እዚያው ወይም በአዳማ ማደር።

ሁለተኛ ቀን፤ አዋሽን ተሻግሮ ወደ አቦምሳ መጓዝ፣ ቆላው ወደ አርሲ ደጋ የሚወጣበትን አገር ማየት፣ ምሳ በልቶ ገበያውን መጎብኘት፣ ወደ አዳማ ተመልሶ ማደር። ቆላውን የሚመርጥ እንግዳ በዚህ ቀን ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ፓርክ ወርዶ በአዋሽ ሊያድር ይችላል።

ሦስተኛ ቀን፤ የባቡሩ ሰዓት እንደፈቀደ በባቡር ወይም በመኪና ወደ አዲስ አበባ መመለስ፣ በመንገድም በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ምሳ መብላት።

የማደሩን ጥቅም በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። 20 እንግዶች ለአንድ ሰዓት ያህል ቢቆሙ ከተማው የሚሸጠው 20 ምሳና 20 ጠርሙስ ለስላሳ ነው። እነዚሁ ሰዎች ማታ ገብተው በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ቢወጡ ግን 20 አልጋና 60 ማዕድ ይፈለጋል። ከዚህ ሌላ የሾፌሩና የአስጎብኚው ቀለብ፣ የአንሶላው እጥበት፣ የማታ ሻይና ቡና፣ ለቤተሰብ የሚገዛው ስጦታ አለ። የእንግዳው ቍጥር ሳይጨምር ማዕዱ ብቻ ሦስት እጥፍ ሆነ።

ላኪና አስመጪም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ለውጭ አገር ጎብኚ በአገር ውስጥ የተሸጠ የተቆላና በጥሩ ማሸጊያ የታሸገ ቡና የመርከብ ኪራይና የባሕር መድን ሳይከፈልበት ባሕር ይሻገራል፤ ጎብኚው በባንክ የመነዘረውም የውጭ ገንዘብ ለአገር ይቀራል። አስመጪው በበኩሉ ለአንሶላው፣ ለወጥ ቤት ዕቃው፣ ለመኪና መለዋወጫው ገዢ ያገኛል።

እንግዳ ሲባል የውጭ አገር ሰው ብቻ እንደሆነ መቍጠር ስሕተት ነው። ቅዳሜና እሑድ ወደ ሶደሬ የሚወርደው የአዲስ አበባ ቤተሰብ፣ ለኢሬቻ የሚመጣው ሕዝብ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የሚጓዘው ምእመን፣ ሁሉም በዚሁ አገር ላይ የሚያልፉ መንገደኞች ናቸው። በ1950ዎቹ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የኢትዮጵያ ቱሪዝም ሥራ ሲጀመር ለዓለም የተነገረው የ13 ወር ፀሐይ ለአገሩም ሰው የተሰጠ ጸጋ ነው።

5. የአቦምሳ ድርሻ

በአርሲ የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አቦምሳ ከሐዲዱ ባሻገር፣ ከአዋሽ ወንዝ ወዲያ ስለምትገኝ የባቡር ፉጨት አይሰማባትም። ነገር ግን ሐኮኔም ቢሆን ትልቁ ባቡር እስከ ተራራው ግርጌ እንጂ እስከ ሐይቁ አይደርስም፤ ሐይቁን የጠቀመው በሌላ ማጓጓዣ መያያዙ ነው። የአቦምሳ ነጋዴም ሦስት ነገር ሊያደርግ ይችላል።

መጀመሪያ፣ ከአዳማ ጣቢያ ወይም ሆቴል እንግዳ ወስዶ የሚመልስ መኪና ከባለመኪናዎች ጋር በታወቀ ዋጋና በታወቀ ሰዓት ይዋዋላል። ሁለተኛ፣ በከተማው ቢያንስ አንድ ንጹሕ የምግብ ቤት፣ ውኃ የማይታጣበት መጸዳጃና አገሩን የሚያውቅ አስጎብኚ ይሰናዳል። አስጎብኚው የማያውቀውን ከመፍጠር ይልቅ የሚያውቀውን በቅደም ተከተል ቢናገር ይመረጣል፤ እንግዳ ሰዎችን ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት ፈቃዳቸውን እንዲጠይቅም ያስረዳል። ሦስተኛ፣ ዕቃውን በአገሩ ስም ይሸጣል። በባለሱቆች መደርደሪያ ላይ መርቲ በሚል ስም የታወቀው የቲማቲም ድልህ የቦታ ስም ለዕቃ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ የቅርብ ምሳሌ ነው። በጥሩ ቅርጫት ተሰናድቶ የአቦምሳ ስም የተጻፈበት ፍራፍሬ በአዳማ ሆቴልና በጣቢያው ደጅ ቢሸጥ፣ ወደ ከተማዋ ያልመጣውም እንግዳ ስሟን ይዞ ይሄዳል።

6. ችግር ሲደርስ

እሳተ ገሞራ የሠራው አገር ውበቱም አደጋውም አንድ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። በሐኮኔም በ2007 ዓ.ም. ተራራው ሲቈጣ የገመዱ ሠረገላ ሥራውን አቁሞ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስና ዝናብ የተራራውን ሐዲድ ስለሰበረው ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ እንግዳው በምትክ አውቶቡስ ይጓጓዝ ነበር። የተዘጋውን ተዘግቷል ብሎ መናገርና ሌላ መንገድ ማሳየት ገበያን ከመጥፋት ያድናል። የእኛም ነጋዴ መርሐ ግብሩን ከማሳተሙ በፊት የመንገዱንና የፓርኩን ሁኔታ ከአካባቢው አስተዳደር ይጠይቅ፤ ለእያንዳንዱም ቀን አንድ ምትክ ይያዝለት። አዋሽ መውረድ ባይቻል ቢሾፍቱ፣ ባቡሩ ቢዘገይ መኪና፣ ገንዘቡ የሚመለስበትም ደንብ አስቀድሞ የተጻፈ ይሁን።

በጠቅላላው ሐዲዱን የዘረጋው መንግሥት ነው፤ ከሐዲዱ እስከ አልጋው ያለውን መንገድ የሚዘረጋው ግን ነጋዴው ነው። ይህም ለአንድ ሱቅ ብቻውን የሚቻል ሥራ አይደለም። በየከተማው አንድ ባለሆቴል፣ አንድ ባለመኪና፣ አንድ ምግብ ቤትና አንድ ባለሱቅ ተስማምተው ዋጋቸውን በአንድ ወረቀት ላይ ቢያወጡ፣ ወረቀቱንም ለአዲስ አበባ የጉዞ ወኪሎች ቢልኩ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ለመጀመሪያው ሙከራ ከዝናቡ ወራት በኋላ ያለው ጊዜ፣ አገሩም ገና አረንጓዴ ሳለ፣ የተመቸ ይሆናል።