ኩሬውን ከማስቆፈርሽ በፊት

እስቲ ያቺን ሰማያዊ ነጥብ ከካርታው ላይ ለጊዜው አንሺያት። ኩሬ ማስቆፈር ደግ ሥራ ነው፤ ማን ይክዳል? ግን ያሰብሽበት ቦታ የቦረና ከብት በዝናብ ወራት ብቻ የሚግጥበት ነው። ዝናብ ያቆረው ውሃ እስኪደርቅ ከብቱ እዚያ ይቆያል፤ ሲደርቅ ኤላ ወደሚባሉት የውሃ ጉድጓዶች ይመለሳል፤ ሣሩም ያርፋል። ማንም «ዝግ ነው» ብሎ ሳያውጅ ጥማቱ ራሱ ይዘጋዋል። አንቺ እዚያ የማይደርቅ ውሃ ስታኖሪ ከብቱ የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም። ጥቂት ዓመት ቆይተሽ ስትመለሺ ኩሬሽ ሞልቶ ዙሪያው አቧራ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ይህን ከመጽሐፍ አላመጣሁትም፤ ቦረና ውስጥ ደጋግሞ የታየ ነው።

ስለዚህ «ሣሩ ምን ያህል ነው?» ከማለትሽ በፊት «ውሃውን የሚያዝዘው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች ዘንድ የመጠጫውን ተራ የሚያወጣው አባ ሄሬጋ ነው። በበጋ ከብት በሦስት ቀን አንዴ ይጠጣል፤ ያቺ ተራ ከተናጋች ግጦሹም አብሮ ይናጋል። ግጦሹ ደግሞ ዴዳ በሚባሉ ሰፋፊ የግጦሽ ክልሎች የተከፈለ ነው፦ ድሬ፣ ጎሞሌ፣ ማልቤ፣ ጎልቦ፣ ወያማ። ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የወረዳና የቀበሌ ወሰን ይህን ክፍፍል አያውቀውም፤ በእሱ ብቻ አታቅጂ። የሚታለቡት ላሞች ከመንደር አይርቁም፤ «ፎራ» የሚሉት ደረቁ መንጋ ግን ዝናብ እየተከተለ ሌላ ዴዳ ድረስ ይሄዳል። አንድ ቀበሌ ገብተሽ ከብት ብትቆጥሪ የቆጠርሽው የዚያን ቀን ያደረውን ብቻ ነው።

ሂሳቡን አትናቂው፣ ግን አታምልኪው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ካሬ ጥለሽ ያጨድሽው ሣር ደርቆ 30 ግራም ቢመዝን፣ በሄክታር 1,200 ኪሎ ማለት ነው። ግማሹን ለመሬቱ ተዪለት፤ 600 ይቀራል። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 6 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ በዓመት ወደ 2,200 ኪሎ። ስለዚህ ለአንዲት ላም ከ3 ሄክታር ተኩል በላይ። ጥሩ። አሁን ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ መክሸፋቸውን አስቢ። ያ ቁጥር በየትኛው ዓመት ይሠራል? ተመራማሪዎቹ ኤሊስና ስዊፍት በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ ኬንያዋ ቱርካና የጻፉትን ፈልገሽ አንብቢ። ዝናቡ እንዲህ በሚዋዥቅበት አገር ሣሩን የሚወስነው ከከብቱ ብዛት ይልቅ ዝናቡ ነው፤ የሰዉም ብልሃት መንቀሳቀስ ነው። ሪፖርትሽ ላይ አንድ ቁጥር ከምታስቀምጪ ለደግ ዓመትና ለክፉ ዓመት ለየብቻ ጻፊ። አለቃሽ «አንዱን ምረጪ» ቢልሽም አትምረጪ።

ግጦሹን የወረሰውን ቁጥቋጦ በተመለከተም ታሪኩን እወቂ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት እሳት እስኪከለክል ድረስ ሽማግሌዎቹ እያቃጠሉ ነበር ግጦሹን የሚያጸዱት። ከዚያ ወዲህ ነው እሾሁ ሜዳውን የወረሰው። ዛሬ ቆራጭ ቀጥረሽ ፉሌንሳ የሚሉትን እሾሃማ ግራር ከወገቡ ብታስቆርጪ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ክፍያው በከንቱ ይቀራል። እሳት ያስፈልገዋል፤ እሳት ግን ሣር በሌለበት አይሄድም። መጀመሪያ ቦታውን አሳርፊው፤ ሣሩ ሲጠና በበጋው መጨረሻ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተስማምተሽና ፈቃዱን በጽሑፍ ይዘሽ ይቃጠል። አዲሱ ሣር ሥር እስኪይዝ ከብት አይግባ።

ደግሞ አንድ ነገር፤ ሴት መሆንሽ እዚህ ሥራ ላይ ይጠቅምሻል። ወንዶቹ ባልደረቦችሽ ከዛፍ ጥላ ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተሰብስበው ይመለሳሉ። ለጥጃ ሣር የሚያጭዱት ግን ሴቶቹ ናቸው፤ የትኛው ሣር እንደጠፋ፣ ለማጨድ ዘንድሮ ምን ያህል እንደሚርቁ ከእነሱ ትሰሚያለሽ። ቋንቋውን ተማሪ፤ በአስተርጓሚ የሚነገር የሣር ስም ሁሉ «ሣር» ሆኖ ነው የሚደርስሽ። ስለ ካሎም ጠይቂያቸው። ካሎ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች በጋራ የሚከለል ነው፤ አሁን አሁን ግን በዚያ ስም ለግሉ የሚያጥር አለ። «የማን ጥጃ ነው የሚገባው?» ብትያቸው መልሱ አጥሩ የማን እንደሆነ ይነግርሻል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ካለበት ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል፤ የግሉን አጥር «ልማት» ብለሽ አትመዝግቢለት።

ግጦሽን በጋራ ደንብ መጠበቅ የቦረና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር መሬት ለዓመታት ዘግቶ፣ በጊዜው ከፍቶ፣ በጠባቂ ያስከብር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ፈረሰና ቦታው የሁሉም፣ ማለትም የማንም ሆነ። ሕዝቡ መልሶ በሌላ መልክ እስኪያቋቁመው ብዙ ተጎዳ።

ሰኔ ሲቃረብ «በጀቱ ተመላሽ ሊሆን ነው፣ ቶሎ አንድ ኩሬ አስቆፍሪ» የሚል ስልክ ይመጣልሻል። ኩሬ ሪባን ይቆረጥበታል፣ ፎቶም ያምርበታል፤ ከኤላ ሥር ደለል ማውጣት ለፎቶ አይመችም። ገንዘቡ የሚያስፈልገው ግን እዚያ ነው። ስለዚህ ሰኔን አትጠብቂ፤ በጥር ደለል ለማስወጣት የሚጠይቀውን ደብዳቤ አስገቢ። ከደብዳቤው ጋር በሚያያዘው ቃለ ጉባኤ ግርጌ የአባ ሄሬጋውና የዴዳው ሽማግሌዎች ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይኑር። አንድ ቅጂ ለራስሽ አስቀሪ፤ ኃላፊ ይቀያየራል፣ ፋይልም ይጠፋል።