የገና በዓል በቤተሰብ መካከል፦ የትናንቱና የዛሬው ልማዳችን



የገና በዓል በተቃረበ ቁጥር በየቤቱ የሚነሡት ጥያቄዎች ይታወቃሉ። ምን ይታረዳል? ለልጆች ምን ይገዛል? ከሩቅ የሚመጣውስ ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የሚናቁ አይደሉም፤ የበዓል ደስታ በቤት ውስጥ የሚገለጠው በእነዚሁ ነውና። በዚህ ትምህርት ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ልንጨምር እንወዳለን፦ ከአባቶቻችን ከተረከብናቸውና በዘመናችን ከተጨመሩት የገና ልማዶች መካከል ቤታችንን ለክርስቶስና ለባልንጀራ የሚከፍቱት የትኞቹ ናቸው? የሚዘጉትስ?

ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሚነግረን፣ ለማርያምና ለዮሴፍ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ስላልተገኘ ሕፃኑ በግርግም ተኛ (ሉቃ. 2፥7)። ስለዚህ የክርስቲያን ቤተሰብ የገና ልማድ የሚመዘነው ለሌላው በሚተወው ስፍራ ነው።

የአባቶቻችን ልማድ

በወለጋ ገጠሮች ገና ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው በኦሮምኛ ቂሌ የሚባለው የገና ጨዋታ ነው። ወጣቶች ጫፉ ቆልመም ያለ በትር ይዘው ሩሯን እያሳደዱ መንደር ከመንደር ይጋጠማሉ። እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በያዙት በትር በደስታ ተጫወቱ፤ ጨዋታውም የመጣው ከዚያ ነው ተብሎ በሀገራችን ይነገራል። በጨዋታው ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ስለ ነበሩ የተመታ ባለጸጋ መቆጣት አይገባውም ነበር። ልዑሉ አምላክ ራሱን ዝቅ ባደረገበት ዕለት ታላቅና ታናሽ በአንድ ሜዳ መሰለፋቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ቅርጫ ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን በሬ ለመግዛት አቅም ስለማይኖረው ጎረቤታሞች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ሥጋው በእኩል መደብ ይከፈላል፤ ለማንም እንዳይደላ ዕጣ ይጣላል። ዋጋውን ለጊዜው ያላሟላውን ጎረቤት እህል እስኪሸጥ ድረስ መታገሥም በብዙ መንደር የኖረ ደግነት ነው። እንዲህ ባለው ቅርጫ ድሀው ተመጽዋች ሳይሆን ባለ መደብ ሆኖ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ቡናው ነው። ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ቤት ቡና ሲፈላ፣ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ቀላም ሲቀርብ ጎረቤት ይጠራል፤ ሽማግሌውም ኤባ ይላሉ፤ ቤቱን፣ ልጆቹንና ከብቱን ይመርቃሉ። ኦርቶዶክሳዊው፣ የመካነ ኢየሱሱና ካቶሊኩ በአንድ ቀን የሚያከብሩት በዓል ስለ ሆነ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይገናኛሉ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም የሚጾመውን ጎረቤት በዋዜማው የፍስክ ምግብ ቀርቦለት እንዳይቸገር መጠንቀቅም የዚሁ ፍቅር ክፍል ነው።

በዘመናችን የተጨመረው

ዛሬ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ በብዙ ቤት ባለ መብራት የገና ዛፍ ይቆማል፤ ልጆች አዲስ ልብስ ይጠብቃሉ፤ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ይናገራል። የጎረቤት ጥሪም በስልክ መልእክት መተካት ጀምሯል። ይህን ሁሉ ባዕድ ነው ብለን በጅምላ ልንነቅፈው አይገባም፤ ከሩቅ መጥቶ ለእኛ በረከት የሆነ ነገር አለና።

ለምሳሌ ግርግሙን እንመልከት። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1223 በግሬቾ መንደር በሬና አህያ አቁሞ፣ ድርቆሽ አንጥፎ የቤተ ልሔምን ሌሊት ለድሆች አሳየ። በ1845 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ በ1852) በወለጋ ወደምትገኘው ጉድሩ የገቡት፣ አቡነ ማስያስ በመባል የሚታወቁት ጉልየልሞ ማሳያም ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተሰብ የሆኑ ካፑቺን ነበሩ። ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት ገጠር ላደገ ልጅ ደግሞ ግርግም ምን እንደ ሆነ ብዙ ማስረዳት አያሻም።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከግሬቾ ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ግርግምን በቤት የማዘጋጀት ልማድ እንዲጠበቅ አደራ ብለው ነበር። በዚያው ዓመት፣ ገና ሊከበር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ አገልግሎቱ የተመለሰው በመጋቢት ነበር። በሩቅ ያለ ልጅ እናቱን እንኳን አደረሰሽ ለማለት አልቻለም፤ እናትም የልጇን ደኅንነት ሳታውቅ በዓሉን አሳለፈች። በግጭቱ ምክንያት ከቀያቸው ተፈናቅለው ገናን በሰው ቤትና በመጠለያ ያሳለፉ ቤተሰቦችም ብዙዎች ናቸው። ይህ መከራ አንድ ነገር አስተምሮናል፦ በገንዘብ የሚገዛውና በስልክ የሚላከው በአንድ ቀን ሊቋረጥ ይችላል፤ በቤት ውስጥ የሚጸለየው ጸሎትና ለጎረቤት የሚቆረሰው እንጀራ ግን ያጸናናል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1957 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ብሎ የጠራው ስለዚህ ነው። ወላጆች ለልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹ የእምነት መምህራን ናቸው፤ የገና ሌሊትም ከዋነኞቹ የትምህርት ሰዓቶቻቸው አንዱ ነው።

በዚህ ዓመት በቤታችን

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንዲለማመዱ ቤተሰቦችን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ዛፍ ቢኖርም ባይኖርም ልጆች ከጭቃ፣ ከሣርና ከእንጨት ግርግም ይሥሩ። ሕፃኑን በስፍራው የሚያኖረው ግን ከቅዳሴ መልስ ከቤተሰቡ ታናሹ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ከማዕዱ በፊት ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ማንበብ የሚችል ልጅ ሉቃስ 2፥1-20ን ያንብብ፤ ከዚያም አባት ወይም እናት፣ አያት ካሉም አያት፣ እንደ ጥንቱ ኤባ ብለው ቤቱን ይመርቁ። በሩቅ ያሉት፣ የተፈናቀሉትና በሞት የተለዩን በየስማቸው ይታሰቡ።

ሦስተኛ፣ በቅርጫው አንድ መደብ፣ ቅርጫ ለሌለው ቤት ደግሞ ከማዕዱ አንድ ድርሻ፣ አስቀድሞ ለሌላው ይለይ። የተረፈውን መስጠትና አስቀድሞ መለየት እኩል አይደሉም። ከተቻለም ድርሻው ከመላኩ ይልቅ ባለቤቱ ወደ ማዕዱ ይጠራ።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ከቀሩት የገና ልማዶች መካከል ልንመልሰው የሚገባን የትኛው ነው? የቀረውስ ለምንድን ነው?
2. በዘመናችን ከተጨመሩት መካከል ቤተሰብን የሚያቀራርበው የትኛው ነው? የሚያራርቀውስ?
3. በዘንድሮው ገና በቁምስናችን ማዕድ የሌለው ቤት የማን ነው? በስሙ እናውቀዋለንን?

ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የሚቸገር ጉባኤ ቢኖር፣ ከውይይቱ በፊት በየሰፈሩ ዞሮ ይጠይቅ ዘንድ እናሳስባለን። በቤተ ልሔም ስፍራ ያጣው ጌታ በየቤታችን ስፍራ ያግኝ፤ ለሀገራችንና ለወለጋ ምድር ሰላሙን ይስጥልን። አሜን።