የመድኃኒት ወሬና የአክሲዮን ዋጋ

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ በተነገረ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በፒያሳ አትክልት ተራ የነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚና የዝንጅብል ዋጋ በድንገት ናረ። ለዚህ ምክንያት የሆነው የአዝመራ ጉድለት ወይም የመንገድ መዘጋት ሳይሆን፣ እነዚህ ነገሮች በሽታውን ይከላከላሉ የሚል ወሬ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ከዚህ በሽታ ለመጠበቁ ማስረጃ አለመኖሩን የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ሰሞን ገለጠ። ወሬው ሳይሰማ ዕቃ የነበረው ሰው አተረፈ፤ ዋጋው ጣራ ከነካ በኋላ ሎሚ በኩንታል ያስጫነው ግን ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። ጥቂት ቆይቶም ገበያው ራሱ በዚሁ በሽታ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ።

በአትክልት ተራ አንድ ሰሞን የታየው ይህ ነገር፣ በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ የዘወትር ሥራ ነው። በተለይም ባዮቴክ በሚል ስም የሚጠሩትና አዲስ መድኃኒት በመፈለግ ላይ ያሉት ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቀን ወሬ እጥፍ ይሆናል፤ በሌላ ቀን ወሬም ግማሹ ይጠፋል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያጠራቀሙትን ገንዘብ በእንደነዚህ ያሉ አክሲዮኖች ላይ ማዋል ስለሚችሉ፣ «እገሌ የሚባለው ኩባንያ የካንሰር መድኃኒት አገኘ» የሚለው መልእክት እስከ አራዳ ሱቆች ድረስ መድረሱ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ወሬ እንዴት መመርመር እንደሚገባ ማወቅ ለነጋዴ ሁሉ ይጠቅማል።

ሱቅ የከፈተ ሰው ዛሬ ያልሸጠውን ነገ ይሸጣል። ባዮቴክ ኩባንያ ግን ብዙውን ጊዜ ለዓመታት የሚሸጠው ዕቃ የለውም፤ ደመወዝ፣ ኪራይና የምርመራ ወጪ እየከፈለ፣ አንድ ቀን ፈቃድ ያገኛል ተብሎ ተስፋ የተጣለበትን አንድ ወይም ሁለት መድኃኒት ይዞ ይቀመጣል። መድኃኒቱ በእንስሳት ላይ ከተሞከረ በኋላ በሰው ላይ በ3 ደረጃ ይመረመራል። በመጀመሪያው ደረጃ ለጥቂት ሰዎች እየተሰጠ ጉዳት አለማድረሱ ይታያል። በሁለተኛው ደረጃ መጠኑና ፍሬው በመቶ በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ ይፈተናል። በሦስተኛው ደረጃ ብዙውን ጊዜ በሺህ በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ፣ ከቀድሞው መድኃኒት ወይም ምንም መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ጋር ይነጻጸራል። ወደ መጀመሪያው ደረጃ ከገቡት 10 መድኃኒቶች መካከል ለሽያጭ ፈቃድ የሚበቃው 1 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ «በአይጥ ላይ ተሳካ» የሚለውን ሰምቶ አክሲዮን የሚገዛ ሰው፣ ገና ባልታረሰ መሬት ላይ ለሚበቅል ሽንኩርት ቀብድ እንደሚከፍል ሰው ነው።

የመጨረሻው ደረጃ እንኳ ምን ያህል አስጨናቂ እንደሆነ ለማየት የባዮጅን ኩባንያ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ይህ ኩባንያ አዱካኑማብ የተባለ የአልዛይመር በሽታ መድኃኒት በሁለት ትላልቅ ምርመራዎች ሲያስፈትን ቆየ። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ምርመራዎቹ ፍሬ አይሰጡም ተብሎ ሲቋረጡ፣ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ከመቶ 29 ያህል ወረደ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ኩባንያው ከሁለቱ ምርመራዎች አንደኛው ተጨማሪ መረጃ ሲሰበሰብ ፍሬ ማሳየቱን ገልጦ ፈቃድ እጠይቃለሁ አለ፤ ዋጋው ተመልሶ ወጣ። በኖቬምበር 2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት አማካሪ ሊቃውንት ማስረጃው አይበቃም ሲሉ እንደገና ወደቀ። በጁን 2021 መሥሪያ ቤቱ የአማካሪዎቹን ምክር ሳይቀበል ፈቃዱን በሰጠ ዕለት ደግሞ ከመቶ 38 ያህል ተወረወረ። ወሬን ብቻ የሚከታተል ሰው ጉዳዩ በዚህ የተፈጸመ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የመድኃኒቱ ዋጋ ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት 56,000 ዶላር ተብሎ ስለተቆረጠና ሐኪሞችም ጥቅሙን ስለተጠራጠሩ ገዢ ታጣ። ዋጋው በግማሽ ቢቀነስም፣ የአረጋውያን የመንግሥት መድን ክፍያውን በምርመራ ውስጥ ላሉ ሕሙማን ብቻ ወሰነው፤ በጃኑዋሪ 2024 ኩባንያው መድኃኒቱን መተዉን አስታወቀ። ፈቃድ ማግኘትና ደንበኛ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የአራዳ ባለሱቅ ከማንም የባሰ ያውቃል፤ የሚያስገርመው የአክሲዮን ገበያው በዚያች ዕለት መርሳቱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመረመረው የኩባንያው ካዝና ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ኩባንያ በባንክ 120 ሚሊዮን ዶላር ቢኖረውና በየወሩ 10 ሚሊዮን ቢያወጣ፣ ያለው ዕድሜ 12 ወር ነው። የሦስተኛው ደረጃ ውጤት የሚታወቀው ከ20 ወር በኋላ ከሆነ፣ ኩባንያው በመካከሉ አዲስ አክሲዮን ለመሸጥ ወይም ለመበደር ይገደዳል። 100,000 አክሲዮን በነበረው ማኅበር ውስጥ 1,000 የያዘ ሰው ከመቶ አንድ እጅ ነበረው፤ ሌላ 50,000 ሲጨመር ግን ድርሻው ከመቶ ሁለት ሦስተኛ እጅ ይሆናል። ብዙ ኩባንያዎች መልካም ወሬ ባወጁ ማግሥት አዲስ አክሲዮን ለሽያጭ የሚያቀርቡትም ስለዚህ ነው፤ ዋጋው ሲሞቅ መሸጥ የነጋዴ ወግ ነውና በዚህ አይወቀሱም። ነገር ግን ገዢው ወሬውን ከማመኑ በፊት የሒሳብ መግለጫቸውን ማንበብ ይገባዋል።

የመብቱ ባለቤት ማን እንደሆነ መጠየቅም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚህም ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። ግኝቱ እውነተኛ ነበር። ይሁን እንጂ ለሌላ ፍጡር ጉዳት እንደሌለው በታወቁ ላቦራቶሪዎች እንዲመረመር ስለተጠየቀና የምርመራው ገንዘብ በቀላሉ ስላልተገኘ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት የተቀበሉት ከ25 ዓመት በኋላ በ1989 ነው።

የጤፍ ጉዳይ ደግሞ ከውል ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር፣ ከጤፍ የሚገኘውን ጥቅም ለመካፈል ተዋዋሉ። ኩባንያው ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር የፈጠራ መብት በአውሮፓ አስመዘገበ፤ በ2009 ግን ከሰረ። ውሉ ከከሰረው ኩባንያ ጋር ሲቀር፣ የፈጠራው መብት በሌሎች እጅ ሆኖ ቆየ፤ ለኢትዮጵያ የደረሰው ክፍያ 4,000 ዩሮ ያህል ብቻ ነበር። መብቱን የሄግ ፍርድ ቤት የሻረው በ2018 ነው። ባዮቴክ አክሲዮን የሚገዛ ሰውም መድኃኒቱ በኩባንያው ስም መመዝገቡን፣ ዘመኑም መቼ እንደሚያልቅ ካላጣራ፣ ከዚህ የተሻለ ዕድል አይጠብቀው።

በአዲስ አበባ የሚኖር ነጋዴ የውጭ አክሲዮን ለመግዛት ከማሰቡ በፊት የብሔራዊ ባንክን የውጭ ምንዛሪ መመሪያ መመልከት አለበት። በአገር ውስጥ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ ማናቸውም ማኅበር ለሕዝብ አክሲዮን ሲያቀርብ የሚያወጣው መግለጫ ከላይ በተነገረው መንገድ ሊነበብ ይችላል።

የመድኃኒት አስመጪ ግን አንድም አክሲዮን ሳይገዛ ከዚህ ወሬ ሊጠቀም ይችላል። በጁን 2024 የጊልያድ ኩባንያ ሌናካፓቪር የተባለው፣ በ6 ወር አንድ ጊዜ የሚሰጠው መርፌ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከተመረመሩት ወጣት ሴቶች መካከል መርፌውን የወሰዱትን ሁሉ ከኤች.አይ.ቪ. መጠበቁ ተነገረ። ባለአክሲዮኖች በዚያ ቀን የተመለከቱት ዋጋውን ነበር። ለአስመጪ የሚጠቅመው ወሬ የወጣው ግን በኦክቶበር ነው፤ ይኸውም ኩባንያው ለ120 አገሮች የሚሆነውን መድኃኒት ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ለ6 ፋብሪካዎች ፈቃድ መስጠቱ ነው። ከእነርሱም መካከል በህንድ፣ በፓኪስታንና በግብፅ ያሉ ይገኛሉ። ከእነዚህ ፋብሪካዎች ጋር ለመጻጻፍ የሚፈልግ ነጋዴ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን የምዝገባ ደንብ መያዝ ይኖርበታል።